ረዳት የሌላት

ጅቡቲ፣ ባልባላ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዱኒያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ። እንደምን ሰነበትሽ? እናታችን ሆዮስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷን ተሻላት? ሁለቱንም ጉንጯን ስሚልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ብቻ ነው፤ እሱም ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ አየነው አምጥቶልኛል። መኪናው ወደብ ላይ ተራ ይዞ ሳለ እሱ እስከ ባልባላ በእግሩ መጣ፤ አላህ ይስጠው። ስልክሽ ለምን አይሠራም ላልሽው፣ ሸጬዋለሁ። የመመዝገቢያሽ ብር ከየት የመጣ መሰለሽ? ለሆዮ እንዳትነግሪያት። አሠሪዬ ማዳም አርብ አርብ ስልኳን ለአሥር ደቂቃ ትሰጠኛለች፤ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ከቦኝ ስለሚሰማ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብዬ ከመዝጋት በቀር የምለው የለም። ስለዚህ መጻፍ ይሻለናል። በሶማሊኛ ተጣልተን በሶማሊኛ ብንታረቅም መጻፍ የተማርነው በአማርኛ ነው፤ ስህተቴን እያረምሽ አንብቢው።

አሁን ወደጠየቅሽኝ ነገር ልምጣ። መልሴ አይሆንም ነው።

የውበት ማሰልጠኛው በየዙሩ አንዲት ልጅ በነፃ ያስተምራል፣ ወጪዋን አንድ ነጋዴ ይችላል፣ የሚፈለገው ከቀበሌ «ረዳት የሌላት» የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው አልሽኝ። ዱኒያ፣ አንቺ ረዳት አለሽ። በወር አራት ሺህ ለዘጠኝ ወር፣ ለመሣሪያ ደግሞ ዘጠኝ ሺህ፤ አስቤበታለሁ፣ እችለዋለሁ። ያ ወረቀት የእውነት ማንም ለሌላት ልጅ ይሁን። እኔ እዚህ የሰው ወለል እየወለወልኩ አንቺ እዚያ ረዳት የለኝም ብለሽ ከፈረምሽ፣ እኔ ምንሽ ነኝ?

አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። የምልከው ብር ለትምህርትሽ ነው። ወደ ሙመድ እጅ አንዲት ሳንቲም እንዳትገባ። አንቺ አደር እያልሽ እንደ አጎት ትጠሪዋለሽ፣ ያሳደገሽ እሱ ነውና አልፈርድብሽም። ለኔ ግን የእናቴ ባል ብቻ ነው። አባታችን ሳይሞት ከባቡር ሥራ ያተረፈው ብር ለኔ የነርስነት ትምህርት ተብሎ ተቀምጦ እንደነበር፣ ልጅ ስለነበርሽ አታስታውሺም። ፈተናውን ማለፌን ሰምቼ በመጣሁበት ሳምንት ሙመድ ባጃጅ ገዛበት። ሆዮ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ ምንም አላለችም። ወር ሳይሞላ እኔ ባዶውን ወደ ጅቡቲ በሚመለስ መኪና ላይ ነበርኩ።

ስለዚህ አንቺ ተማሪ። እኔ ያጣሁትን አንቺ ካገኘሽ ይበቃኛል። የከፈልሽበትን ደረሰኝ እያጠራቀምሽ በአየነው ላኪልኝ። ስላላመንኩሽ አይደለም፤ በዓይኔ ማየት ስለምፈልግ ነው።

እህትሽ ሃዎ


ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምወድሽ እህቴ፣ አባዮ ሃዎ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለዘገየሁ አፉ በይኝ። እየጻፍኩ ስቀድድ ነው የከረምኩት።

የመስከረሙም የጥቅምቱም ብር ደርሶኛል። ደረሰኙን መጠየቅሽ እውነትሽን ነው፤ ግን ማሰልጠኛው ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ስንመረቅ ባንድ ላይ ይሰጡናል ብለውናል። ክፍያው ደግሞ ጨምሯል። ቅባቱም ኬሚካሉም ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው አልቀመስ ብሏል ብለው፣ ከዚህ ወር ጀምሮ አምስት ሺህ አምስት መቶ አድርገውታል። የምንለማመድባትን ፀጉር ያላት የፕላስቲክ ጭንቅላትም በየራሳችን እንድንገዛ ታዘናል፣ ሦስት ሺህ ብር። ካልቻልሽ አልችልም በይኝ። እውነቴን ነው፣ አልቀየምም።

ምን ተማርሽ ላልሽኝ፣ ፀጉር ማጠብ ራሱ ትምህርት አለው ብልሽ ትስቂያለሽ። የውሃው ሙቀት የሚለካው በክንድ ነው፣ እንደ ሕፃን ገላ። ፀጉር በቢጉዲን መጠቅለል፣ ማድረቂያው ካስክ ሥር ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ በኬሚካል የተቃጠለ ፀጉር በምን እንደሚታወቅ ተምረናል። ሂና ላይ ግን አስተማሪዋ ራሷ እኔን ትጠይቀኛለች። የሙሽራዋን አበባ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽና ስምሽን በልቤ እየጠራሁ እሠራለሁ።

ሆዮ ደህና ናት፤ ትስምሻለች። አደር ሙመድን ትንሽ አሞት ነበር። ስለሱ መስማት እንደማትፈልጊ አውቃለሁ፤ ደበቅሽኝ እንዳትይኝ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አየነው ዕቃም ሆነ ደብዳቤ ሲያመጣ እቤት ያድርስልኝ እንጂ ማሰልጠኛው ድረስ አይምጣ። በትምህርት ሰዓት እንግዳ አይወዱም።

ታናሽሽ ዱኒያ


ጅቡቲ፣ ባልባላ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱኒያዬ፣ ሰላም ነሽ?

አልችልም አልልሽም። አርብ የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ አሁን አርብ አርብ ለሦስት ቤት ልብስ አጥባለሁ፤ ስለ ጭማሪው አትጨነቂ። ለፈተና ምዝገባ ብለሽ የጠየቅሽኝን ሁለት ሺህም አብሬ ልኬያለሁ። ግን ደብዳቤሽ ለምን እንዲህ አጠረ? ሁለት ገጽ ትጽፊ የነበርሽ ልጅ አሁን የብሩን ልክ ትነግሪኝና «ሆዮ ሰላም ብላሻለች» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ታመሽ ከሆነ ንገሪኝ። ወንድ ከሆነም ንገሪኝ፣ አልቆጣም።

ማዳም ፀጉሯን የምትሠራበት ቤት ዕቃ ሲቀይር አንድ የፀጉር ማድረቂያ ፎንና ሁለት መቀስ በርካሽ ገዛሁልሽ። ምን የመሰለ መቀስ መሰለሽ። አየነው ሐሙስ ቀትር ላይ ድሬ ደርሶ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ስለሚያልፍ ገንደ ቆሬ ድረስ መምጣት አይችልም። ማሰልጠኛው መንገዱ ላይ ስለሆነ እዚያው እንዲያደርስልሽ ነግሬዋለሁ። እንግዳ አይወዱም ብለሻል፣ አልረሳሁም፤ አንድ ቀን ቢቆጡሽ ቻይው። ጓደኞችሽ ፊት ካርቶኑን ስትከፍቺው ይታየኛል።

እህትሽ ሃዎ


ጅቡቲ፣ ባልባላ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱኒያ፣

አየነው ዕቃውን መልሶ አመጣልኝ። ከነማሰሪያው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በር ላይ አስጠራኝ። ስወጣ እንደ ወትሮው አልጨበጠኝም፤ ቆሞ ያየኛል። ምን ሆነሃል አልኩት። ደጋግሜ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

ማሰልጠኛው ሲገባ ጸሐፊዋ ካርቶኑ ላይ «ከእህትሽ ከሃዎ» የሚለውን አንብባ ይህ ከማን ነው ብላ ጠየቀችው። ከእህቷ ነው፣ ከጅቡቲ፣ አላት። ጸሐፊዋም «ወንድሜ፣ ሰው ተሳስተህ ነው። የዱኒያ እህት እኮ ሞታለች። በነፃ የምናስተምራትም ለዚህ ነው» አለችው። የማሰልጠኛው ባለቤት ሴትዮም ከቢሮ ወጥታ አረጋገጠችለት። እህቷ ወደ ጅቡቲ ስትሄድ በረሃ ላይ በውሃ ጥም ሞተች፣ ተማሪዎቹን ሁሉ ይዘን ለቅሶ ደርሰናል፣ እናትየዋ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀብላናለች አለች። አየነው በር ተሳስቻለሁ ብሎ ካርቶኑን አንስቶ ወጣ። እኔ ጋ እስኪመለስ ድረስ ለማንም አልተናገረም።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ሰማሁት። ከዚያ አመስግኜው ገብቼ ሰሃን አጠብኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ከመስከረም ጀምሮ በነፃ ከተማርሽ እኔ ስከፍል የነበረው ለማን ነው? ከመሣሪያው ጋር ሠላሳ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ብር ልኬያለሁ። የአርብ ዕረፍቴ እዚያ ውስጥ ነው። ስልኬ እዚያ ውስጥ ነው። ግን ስለ ብሩ ቆይተሽ ትነግሪኛለሽ። መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። ሞታለች የሚለው ቃል ከማን አፍ ወጣ? አንቺ ከሆንሽ አንቺ በይኝ። ስትይው ማን አጠገብሽ ነበር? ማንስ ተይ አለሽ?

ሃዎ


ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዮ፣

ዛሬ የረመዳን ሦስተኛ ቀን ነው። ጾመኛ ሆኜ አልዋሽሽም።

ቃሉ የወጣው ከሆዮ አፍ ነው። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ተይ ያላት የለም።

አይሆንም ያልሽበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ ወላሂ፣ ልታዘዝሽ ወስኜ ነበር። በዚያው ሳምንት አደር ሙመድ ባጃጁን እየነዳ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ወደቀ። ሆስፒታል ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፣ በሳምንት ሁለቴ መታጠብ አለበት አሉን። አንዱ እጥበት ከሁለት ሺህ ብር በላይ ነው። ባጃጁ ተሸጠ። ሰፈሩ አዋጣ። ሆዮ የጆሮዋን ወርቅ አወጣች። አንድ ቀን አስቀመጠችኝና ሃዎ ለትምህርትሽ እንጂ ለሙመድ አትልክም፣ ትምህርቱ ነፃ ከሆነ ግን የሷ ብር ለሕክምናው ይሆናል አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እሺ ማለት ነበር።

ቀበሌ ስንሄድ ሠራተኛው ፋይላችንን ገልጦ ጅቡቲ የምትሠራ ልጅ አለችሽ፣ ታዲያ እንዴት ረዳት የላትም ብዬ ልጻፍ አላት። ሆዮ እንመለስ ልትለኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። «ሞታለች» አለች። ሰውየው ኢናሊላሂ ብሎ ተነሳ፣ የራሱን ወንበር አመጣላት፣ ውሃም አስመጣላት። ከዚያ በኋላ ቃሉን እንዴት መመለስ ይቻላል? ሆዮ በጣቷ ፈረመች፤ እኔ በምስክርነት ስሜን ጻፍኩ።

የማሰልጠኛው ሰዎች ለቅሶ ይመጣሉ ብለን አላሰብንም ነበር። ሆዮ ያለቀሰችው ግን የእውነት ነው፤ እነሱ ከሄዱም በኋላ አላቆመችም። ከሃዎ ጋር ተጣልተናል፣ አትረዳንም ብትዪው ምን ነበረበት ብዬ ጠየቅኋት። ምን አለችኝ መሰለሽ? «ከሁለታችሁ ሞታም የምትረዳኝ ሃዎ ናት።»

ክፍያው አልጨመረም። የፕላስቲክ ጭንቅላቷን የሚሰጠው ማሰልጠኛው ነው። የፈተና ምዝገባ የሚባልም ብር የለም። እነዚያን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፣ ሆዮ አይደለችም። አደር ሙመድ ሁለት እጥበት ባመለጠው ቁጥር ፊቱ ያብጣል፤ ሳየው አንድ ነገር እፈጥርና እጽፍልሻለሁ። ብሩ ካንቺ እንደሆነ ያውቃል። በስምሽ ዱዓ ያደርግልሻል።

ሌላም አለ። ለነፃው ቦታ ከኔ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣችው ኹርሲ የምትባል ልጅ ነበረች። እናትም አባትም የላትም። ሁለት ወር በራሷ ከፍላ ታኅሣሥ ላይ ቀረች። ወንበሯ ከኔ አጠገብ ነበር።

አፉ በይኝ ለማለት አፌ አይሞላም።

ዱኒያ


ጅቡቲ፣ ባልባላ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱኒያ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ አንድ ወር አለፈኝ። ዒድን ታምሜያለሁ ብዬ ተኝቼ ዋልኩ።

ሙመድ ታሟል፣ ለሕክምናው ላኪ ብትሉኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር? ምናልባት እል ነበር። ምናልባት ደግሞ አንድ ቀን አልቅሼ በማግሥቱ እልክ ነበር። እኔም አላውቀውም። ግን እምቢ ማለትም እሺ ማለትም የኔ ነበር። እሱንም ወሰዳችሁብኝ። ሙመድ የነርስነቴን ብር ሲወስድ ቢያንስ በሕይወት ነበርኩ።

ያቺን ኹርሲን አላውቃትም። ግን ወንበሯ የተወሰደው በኔ ሞት ስለሆነ እሷም ከሐሳቤ አልወጣችም።

አሁን የምልሽን ስሚ። ለብሩ አይደለም የምጽፍልሽ። እዚህ ወረቀት የሌለው ሰው ሁሉ ይውጣ እየተባለ ነው። ማዳም ፓስፖርት ካላመጣሽ አላቆይሽም ብላኛለች። ፓስፖርት ለማውጣት የቀበሌ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ቀበሌ ደግሞ ሞቻለሁ። ሄደሽ እህቴ በሕይወት አለች በያቸው። ሆዮንም ይዘሻት ሂጂ። ማስረጃውን አየነው ይቀበልሻል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እጄ መግባት አለበት።

ሌላ የምጠይቅሽ ነገር የለም።

ሃዎ


ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዮ ሃዎ፣

ሁለት ጊዜ ቀበሌው በር ድረስ ሄጃለሁ። ሁለተኛው ቀን ገብቼ ወረፋም ይዤ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ።

ቃሉን ከቀየርኩ ቀበሌው ለማሰልጠኛው ይጽፋል። ማሰልጠኛው የዘጠኝ ወሩን ክፍያ ባንዴ አምጪ ይለኛል፣ ፈተናም አያስቀምጠኝም። የብቃት ምዘናው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። አስተማሪዋ ከዚራ ሰፈር አንድ ትልቅ ፀጉር ቤት ሥራ አግኝታልኛለች፣ ወረቀቱን እንደያዝኩ የምጀምረው። ከዚያ ያንቺንም የማሰልጠኛውንም እየከፈልኩ እኖራለሁ። አሁን ከወጣሁ ግን ያንቺም ብር፣ የኔም ዓመት፣ የሆዮም እንባ ሜዳ ላይ ቀረ።

ሆዮን ይዘሻት ሂጂ ብለሽኛል። አትሄድም። «ዋሽታ ነበር ሲሉኝ ቆሜ የምሰማበት ፊት የለኝም» አለችኝ።

አባዮ፣ ሁለት ወር ብቻ። ሁለት ወር ብቻ ሙቺልኝ። ፈተናውን በጨረስኩ ማግሥት ራሴ ሄጄ እናገራለሁ፣ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ። ምን እንደጻፍኩ አውቃለሁ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ዱኒያ


መልካ ጀብዱ
ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱኒያ፣

የአድራሻው ስም አያስደንግጥሽ። መልካ ጀብዱ ነኝ፣ ከናንተ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በዘጠነኛው ቀን ፖሊሶች ገበያ ላይ ያዙኝ። ወረቀት ሲጠይቁኝ የማሳየው አልነበረኝም። ልብሴም የሁለት ወር ደሞዜም ማዳም ቤት ቀረ። ደወሌ ድንበር ላይ አራገፉን፤ አየነው ሲያልፍ አግኝቶ ጭኖኝ መጣ። ድሬ መግቢያ ላይ ገንደ ቆሬ ላድርስሽ አለኝ። አይ አልኩት። እዚህ የሚያውቃት አንዲት ሴት ዘንድ ክፍል አገኘልኝና የሰው ልብስ እያጠብኩ ተቀመጥኩ።

ለምን ወዲያው ቀበሌ አልሄድሽም ትዪ ይሆናል። ሁለት ወር ብለሽኝ ነበር። ሁለቱን ወር ሰጠሁሽ።

ሰኔ 6 ፈተናሽን እንደጨረስሽ ሰማሁ። በማግሥቱ ትሄጃለሽ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት ጨመርኩልሽ። ሌላ አንድ ሳምንት ደገምኩልሽ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የሚተኩስ ሰው ይፈለጋል ሲሉኝ፣ ለመቀጠር መታወቂያ ያስፈልግ ነበርና ሰኔ 20 ራሴ ቀበሌ ሄድኩ። ሰውየው ፋይሉን ገለጠ። ዱኒያ፣ አሁንም ሞቼ ነበር።

ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ አልኩት። በሕይወት መኖርሽን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች አምጪ አለኝ። አየነው መጣ፣ አከራዬ መጣች፣ ሦስተኛው በልጅነቴ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ሆዮ የፈረመችበትን ወረቀት አሳየኝ። የጣቷ ምልክት ትንሽ ነው፣ እንደ ልጅ ጣት። ከሥሩ ያንቺ ስም፣ ባማረ ጽሑፍ። ሐሰተኛ ቃል የሰጠ ሰው ይከሰሳል፣ ማን ነው እንዲህ ብሎ የነገራቸው ብሎ ጠየቀኝ።

«አልዋሹም» አልኩት። «በረሃ ላይ የሞተች ሌላ ሃዎ ነበረች። ወሬው ተሳስቶ ደርሷቸው ነው።»

እንደነገርኩት ጻፈው። ስለዚህ አትከሰሺም፣ ማንም ከሥራሽ አያስወጣሽም። ለትምህርትሽ ከከፈልኩት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፣ ከዚህ በኋላም የለም። ኹርሲ የት እንዳለች ካወቅሽ ከመጀመሪያ ደሞዝሽ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ዘንድ ግን ብር እንዳትልኪ፣ እንዳትመጪም። ቂም ይዤብሽ አይደለም። ስትገቢ ምን ብዬ እንደምቀበልሽ ስለማላውቅ ነው።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። ትናንት ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ሆዮን አየኋት። ሎሚ ትመርጥ ነበር። ከስታለች፣ ጉልበቷን እያመማትም ታነክሳለች። ሦስት እርምጃ ላይ ከኋላዋ ቆምኩ። ከየካቲት ጀምሮ ስሰበስበው የከረምኩት ነገር ሁሉ በዚያች ደቂቃ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ሆዮ ብዬ ልጠራት ነበር። ሎሚ ሻጯ ልጆች አሉሽ ወይ ስትላት ሰማሁ።

«አንዲት አለችኝ» አለቻት። «ከዚራ ፀጉር ቤት ትሠራለች፣ ተምራ።»

ሴትዮዋ ማሻ አላህ ብላ አንድ ሎሚ ጨመረችላት። ሆዮ ፈገግ አለች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዓመት ሆኖኛል። ዞር ስትል መንገድ ለቀቅኩላት። ስታልፍ የሻሿ ጫፍ ክንዴን ነካኝ፤ ቀና አላለችም።

ሃዎ